አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፦ መድኃኒቱን አግኝቶ ስለ መድኃኒቱ ያስጠነቀቀ ሰው

ፔኒሲሊን የሚለውን ስም ያልሰማ ሰው በመካከላችን ይገኛል ብዬ አልገምትም። በጤና ጣቢያ መርፌ የተወጋ፣ ለሳንባ ምች ክኒን የዋጠ፣ ቁስሉ መግል ይዞ የዳነ ሁሉ የዚህ መድኃኒት ወይም የዘመዶቹ ባለውለታ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ያገኘው ሰው ማን እንደነበረ፣ ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣ፣ በተለይም ስለ መድኃኒቱ ምን ብሎ እንዳስጠነቀቀ የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ነገር ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ መኝታ ቤታችን ያለ ነው። አንዱ ጉሮሮውን ሲያመው ከጎረቤት አልጋ ሁለት ፍሬ አሞክሲሲሊን ይለምናል። ሲሻለው ይተወዋል። የተረፈው ደግሞ ለሚቀጥለው ታማሚ ተብሎ በሳጥን ይቀመጣል። ኳስ ሲጫወት ሚስማር የወጋው ልጅም የካፕሱሉን ዱቄት ቁስሉ ላይ ነስንሶ ነገሩ አለቀ ብሎ ይተኛል። በኛም ቤት ልጅ ሳለሁ ከተለያየ ሰው የተረፈ ክኒን ከስኒዎቹ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ማን ለምን እንደታዘዘለት ግን የሚያስታውስ አልነበረም። ይህ ሁሉ ስሕተት መሆኑን ከመድኃኒቱ አባት የሕይወት ታሪክ እንማራለን። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገበሬው ልጅ

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1881 በስኮትላንድ አገር፣ ዳርቬል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የእርሻ ቤት ተወለደ። አባቱ ሂዩ ፍሌሚንግ በግና ከብት የሚያረባ ገበሬ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ስለሞተችበት በስተርጅና ሁለተኛ ሚስት አግብቶ አራት ልጆች ወለደ፤ አሌክሳንደር ከነዚህ ከአራቱ ሦስተኛው ነው። አባትየው አሌክሳንደር ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ስለሞተ ቤቱን ያቆሙት እናቱና ታላላቅ ወንድሞቹ ናቸው።

ልጁ በመጀመሪያ በሠፈሩ ባለች ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም ዳርቬል ከተማ እየተመላለሰ፣ በመጨረሻም ኪልማርኖክ በሚባለው ከተማ ሁለት ዓመት ተማረ። ትምህርት ቤት ለመድረስ በዝናብም በበረዶም ረጅም መንገድ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ወንዝ ውስጥ ዓሣ በእጁ ማጥመድ፣ የወፍ ጎጆ መፈለግ፣ ጥንቸል ማሳደድ የዕለት ተዕለት ጨዋታው ነበር። ኋላ ሰው ሁሉ ያለፈውን ትንሽ ነገር አስተውሎ ለማየት ያበቃው ይኸው የገጠር አስተዳደግ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛም ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ የቡና ጥላ ሥር የመጣን ልጆች ይህን ስናነብ እንግዳ አይሆንብንም።

እዚህ ላይ ስለ ፍሌሚንግ በሰፊው የሚወራ አንድ ተረት አለ። አባቱ ከረግረግ ውስጥ አንድ የባላባት ልጅ አወጣ፣ ባላባቱም በምስጋና ፍሌሚንግን አስተማረ፣ ያ የዳነው ልጅ ዊንስተን ቸርችል ነው፣ ኋላም በሳንባ ምች ሲታመም በፔኒሲሊን ዳነ ይባላል። ወሬው ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። ፍሌሚንግን ያስተማረው ባላባት የለም። ቸርችልም እ.ኤ.አ. በ1943 በሳንባ ምች በታመመ ጊዜ የታከመው ከፔኒሲሊን በፊት በነበረ በሌላ መድኃኒት፣ በሰልፋ ዓይነት ነው። መምህር የምንሆን ሰዎች ያማረ ወሬ ሁሉ ታሪክ አለመሆኑን ከወዲሁ ብንለምድ መልካም ነው።

ከመርከብ ቢሮ ወደ ሕክምና

ፍሌሚንግ 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው ታላቅ ወንድሙ ሐኪም ሆኖ ወደሚኖርበት ወደ ሎንዶን ሄደ። እዚያም ጥቂት ከተማረ በኋላ በአንድ የመርከብ ኩባንያ በጸሐፊነት ተቀጥሮ አራት ዓመት ያህል ሠራ። ሥራውን አልወደደውም። 20 ዓመት ሲሞላው፣ ማለትም እኛ አሁን ባለንበት ዕድሜ፣ አንድ አጎቱ ሞቶ 250 ፓውንድ አወረሰው። ወንድሙም ይህን ገንዘብ በከንቱ ከምትበትነው ሕክምና ተማርበት ብሎ መከረው። እሱም ምክሩን ተቀብሎ በሎንዶን ሴንት ሜሪ በሚባለው ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ።

ለምን ሴንት ሜሪን መረጠ ቢባል መልሱ ያስቃል፤ ቀደም ሲል ከዚያ ትምህርት ቤት ቡድን ጋር የውሃ ውስጥ ኳስ ስለተጫወተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ። ቀዶ ጥገና ሐኪም ሊሆን ያስብ ነበር፤ ነገር ግን ጥሩ ተኳሽ ስለነበረ የትምህርት ቤቱ የተኩስ ቡድን እንዳያጣው ሲሉ እዚያው ምርምር ክፍል ውስጥ ሥራ ፈለጉለት። የክፍሉ ኃላፊ የታይፎይድን ክትባት በማዘጋጀት ስሙ የታወቀው አልምሮት ራይት ነበር። እንዲህ ባለ አጋጣሚ የገባበትን ክፍል ፍሌሚንግ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አልለቀቀውም ማለት ይቻላል።

የቁስለኞች ሆስፒታል

አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲነሣ ራይትና ፍሌሚንግ በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ወዳለችው ወደ ቡሎኝ ተላኩ። ቀድሞ የቁማር ቤት የነበረ ሕንጻ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆኖ ነበር። ፍሌሚንግ እዚያ ያየውን በሕይወት ዘመኑ አልረሳውም። ወጣቶች በጥይት ተመትተው ሳይሆን፣ ቁስላቸው መግል እየያዘና እየበሰበሰ ያልቁ ነበር።

ምክንያቱ ምን ነበር? ጦርነቱ የተካሄደው ለዘመናት በፈረስና በከብት ፍግ በዳበረ የእርሻ መሬት ላይ ነው። የመሣሪያው ስብርባሪ ጭቃውንና የልብሱን ቁራጭ ይዞ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በጭቃው ውስጥ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን ወይም ቴታነስን የሚያመጣው ተሕዋስ አለ። ይህ ተሕዋስ በፈረስና በከብት አንጀት ይኖራል፤ ከፋንድያ ጋር ወጥቶ እንደ ደረቅ ዘር ራሱን ሸፍኖ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። አየር አይስማማውም። ስለዚህ አየር የማይደርስበት ጥልቅ ቁስል ሲያገኝ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። መርዙ በነርቭ በኩል ይሄዳል፤ በመጀመሪያ መንጋጋ ይገጥማል፣ ከዚያ አንገትና ጀርባ ይገትራል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ይከለክላል። ሕመምተኛው ይህ ሁሉ ሲደርስበት አእምሮው አይስትም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ራሳችን አገር እናስብ። ጅማ የፈረስ አገር ናት። ከጊንጆ ጉዱሩ ተነሥተን ወደ ገበያ ስንወርድ ጋሪ ሲያልፍ እናያለን፤ ፋንድያው መንገድ ላይ ነው። የቡና ማሳ የሚመነጥር ሰው እግሩን በገጀራ ይቆረጣል፤ ቡና ለቀማ የገባ ሕፃን ጉቶ ይወጋዋል። በቡሎኝ ወታደሮችን የፈጀው ተሕዋስ በደጃችን አፈር ውስጥም አለ ማለት ነው።

ደግነቱ የቴታነስ መከላከያ ከጦርነቱ በፊት ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 ጀርመናዊው ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ በርሊን ላይ አንድ ነገር አሳዩ፤ ይኸውም መርዙን በጥቂት በጥቂቱ የለመደ እንስሳ ደም ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር መኖሩን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ከፈረስ ደም ሴረም ተዘጋጀ። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ለቁስለኞቹ ሁሉ ይህን ሴረም መውጋት ሲጀምር በቴታነስ የሚያዘው ሰው ቁጥር በጣም ወረደ። ነገር ግን ሴረም የተዋሰ ጋሻ ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይጠፋል። የራስ ጋሻ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈረንሳይ ሊቃውንት ጋስቶን ራሞንና ጓደኞቹ መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አድክመው ወደ ክትባት በለወጡት ጊዜ ነው። ዛሬ እኛ የምንከተበው ይህንኑ ዓይነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን አስቀድሞ ስለከተበ ከሚሊዮን በሚቆጠሩት ወታደሮቹ መካከል በቴታነስ የተያዙት 12 ብቻ እንደነበሩ ተመዝግቧል። ይህን ያደረገው ክትባቱ እንጂ ፔኒሲሊን አልነበረም።

ፍሌሚንግ ራሱ በቡሎኝ ሌላ ጥያቄ ነበር የያዘው። ሐኪሞች ተሕዋስያንን ይገድላል ብለው ጠንካራ ኬሚካል ቁስል ውስጥ ይጨምሩ ነበር፤ ቁስሉ ግን አይሻለውም። ለምን? ፍሌሚንግ የመስታወት ቱቦ በእሳት አቅልጦ እንደ እሾህ የሾለ ጎድጓዳ ቅርንጫፍ አወጣለት፤ ይህ የተቦጫጨቀ ቁስል ምሳሌ ነው። በተሕዋስያን ከሞላው በኋላ ኬሚካሉን ጨመረበት፣ ደፋው፣ ንጹሕ ፈሳሽ ሞላበት። በማግሥቱ ተሕዋስያኑ እንደገና ተራብተው አገኛቸው። በሾለው ጉድጓድ ውስጥ ተደብቀው ኬሚካሉ አልደረሰባቸውም። ከዚህም በላይ ኬሚካሉ ተሕዋስያንን የሚዋጉትን የሰውነታችንን ነጭ የደም ሕዋሳት እንደሚገድል አረጋገጠ። ስለዚህ ጥልቅ ቁስል መታጠብ፣ ባዕድ ነገርና የሞተ ሥጋ ሊወጣለት ይገባል እንጂ ላዩ ላይ የሚነሰነስ ነገር አያድነውም አለ። በሚስማር ጉድጓድ ላይ የካፕሱል ዱቄት የሚነሰንስ ጓደኛችን ይህን የመስታወት ቱቦ ቢያስታውስ ጥሩ ነበር።

የሻገተው ሳህን

ከጦርነቱ በኋላ ፍሌሚንግ አንድ ሐሳብ ይዞ ወደ ሎንዶን ተመለሰ፤ ተሕዋስን የሚገድል፣ ሰውን ግን የማይጎዳ ነገር መፈለግ። እ.ኤ.አ. በ1921 ጉንፋን ይዞት ሳለ የራሱን ንፍጥ በተሕዋስያን ላይ ሞከረና አንዳንዶቹ ሲሟሙ አየ። ይህ ነገር በእንባ፣ በምራቅና በእንቁላል ነጭ ውስጥም ተገኘ፤ ላይሶዛይም ተባለ። ተፈጥሮ ለሰውነታችን የሰጠችው የዘበኝነት ሥራ መሆኑ ነው። ኃይሉ ግን ብርቱ በሽታ በሚያመጡት ላይ አልሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1928 የበጋ ዕረፍቱን ጨርሶ መስከረም 3 ቀን ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ፍሌሚንግ የተዝረከረከ ጠረጴዛ ያለው ሰው ነበር፤ ተሕዋስያን ያበቀለባቸውን ዝርግ የመስታወት ሳህኖች ሳይጥል ለሳምንታት ያከማች ነበር። ከነዚህ አንዱ ሻግቷል። ሻጋታው ባለበት ዙሪያ መግል የሚያመጡት ተሕዋስያን ቀልጠው ባዶ ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን ሳህኑን ያጥበው ነበር። እሱ ግን ይህ ለምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ሻጋታውን ለብቻው አበቀለው፤ ከሱ የወጣውን ፈሳሽ መጀመሪያ የሻጋታ ጭማቂ እያለ ይጠራው ነበር፤ በመጋቢት 1929 ግን ከሻጋታው ስም ወስዶ ፔኒሲሊን አለው። ፈሳሹ ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትን ግን አይነካም። በቡሎኝ የተመኘው ነገር እነሆ ተገኘ።

ታዲያ ዓለም በደስታ ተቀበለው ወይ? የለም። በየካቲት 1929 ለሐኪሞች ጉባኤ ስለ ግኝቱ ንግግር ባደረገ ጊዜ አንድም ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ፍሌሚንግ ትልቅ ተመራማሪ ቢሆንም ንግግሩ ዝቅ ያለና የተቆራረጠ፣ ሰውን የማይማርክ ነበር። በዚህ ላይ ፔኒሲሊኑ ቶሎ ይበላሻል፤ ረዳቶቹ ሊያጠሩት ቢደክሙም አልሆነላቸውም። ጽሑፉ ታትሞ አሥር ዓመት ያህል ብዙም ሳይታሰብበት ቆየ። ለኛ ለእጩ መምህራን ከዚህ የሚገኝ ትምህርት አለ። እውነትን ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ ለሰሚው እንዲገባ አድርጎ ማቅረብም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ያለቀው መድኃኒት

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ፔኒሲሊንን መድኃኒት ያደረገው አንድ ሰው አይደለም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አውስትራሊያዊው ሐዋርድ ፍሎሪ፣ ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ኧርነስት ቼይንና ኖርማን ሂትሊ የፍሌሚንግን ጽሑፍ አንሥተው ሥራውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦችን በገዳይ ተሕዋስ ወጉ፤ ለአራቱ ፔኒሲሊን ሰጡ። በማግሥቱ መድኃኒቱን ያላገኙት አራቱ ሞተው፣ ያገኙት አራቱ በሕይወት ነበሩ።

በየካቲት 1941 ደግሞ አልበርት አሌክሳንደር የሚባል ፖሊስ ፊቱ ላይ ያለ ቁስል አመርቅዞ፣ አንድ ዓይኑን አሳጥቶ፣ ወደ ሳንባው ተዛምቶ ለሞት ቀርቦ ነበር። ፔኒሲሊን ተሰጠው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳቱ በረደ፣ ምግብ ፈለገ። ነገር ግን በዓለም ላይ የነበረው ፔኒሲሊን ጥቂት ነበር። ከሽንቱ ሳይቀር መድኃኒቱን እያጠለሉ መልሰው ወጉት፤ እሱም አለቀ። በሽታው አገረሸበት፤ መጋቢት 15 ቀን ሞተ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ቆም ብዬ አሰብሁ። ያ ሰው የሞተው መድኃኒቱን በግማሽ ስላገኘ ነው፤ ምርጫ አልነበረውም። እኛ ግን ሙሉው በእጃችን እያለ በፈቃዳችን በግማሽ እንተወዋለን።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በትልልቅ ጋኖች መመረት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ለጦር ቁስለኞች የሚበቃ ሆነ። ፍሌሚንግም በነሐሴ 1942 የማጅራት ገትር ይዞት የሞት አፋፍ ላይ የነበረ የወንድሙን ወዳጅ ከፍሎሪ በተላከለት ፔኒሲሊን በገዛ እጁ አዳነ። የመጀመሪያውን ዕድሉን ካየበት ቀን አንሥቶ 14 ዓመት አልፎ ነበር።

ያልተሰማው ማስጠንቀቂያ

ዝናው ከዚያ ወዲያ በዓለም ናኘ። እ.ኤ.አ. በ1944 ሰር የሚል ማዕረግ አገኘ፤ በ1945 ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ጋዜጦች ፍሎሪንና ቼይንን ትተው እሱን ብቻ ሲያወድሱ አይቶ ይህ የፍሌሚንግ ተረት ነው እያለ ይስቅበት ነበር።

ለኛ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በታኅሣሥ 1945 በስቶክሆልም የኖቤል ንግግሩን ሲያደርግ የተናገረው ነው። ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ሲያመሰግን እሱ ስለ አደጋው ተናገረ። በቤተ ሙከራ ተሕዋስያንን ሊገድላቸው በማይበቃ ጥቂት ፔኒሲሊን ውስጥ ማኖር መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ እንደሚያደርጋቸው፣ ይህም በሰው አካል ውስጥ እንደሚደርስ አስረዳ። አንድ ምሳሌም ፈጠረ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመዋል፤ ከሱቅ ፔኒሲሊን ገዝቶ በራሱ ግምት ጥቂት ይወስዳል። ተሕዋስያኑ አልሞቱም፤ መድኃኒቱን ተለማመዱት እንጂ። ከዚያ በሽታው ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ ሳንባ ምች ይሆንባታል፤ ፔኒሲሊን ቢሰጣት አይሠራም፤ ትሞታለች። ለሞቷ ተጠያቂው ማን ነው ብሎ ጠየቀና መድኃኒቱን በቸልተኝነት የተጠቀመው ባሏ ነው ሲል ፈረደ።

ይህ ከተነገረ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ ሰው ግን እስካሁን አልሞተም፤ በየመኝታ ቤታችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች የተነሣ ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። የፍሌሚንግ ምሳሌ ትንቢት ሆኖ ተገኘ።

ፍሌሚንግ የመጀመሪያ ሚስቱ ሣራ እ.ኤ.አ. በ1949 ከሞተችበት በኋላ በ1953 አማሊያ የምትባል ግሪካዊት የባክቴሪያ ተመራማሪ አገባ። መጋቢት 11 ቀን 1955 በልብ ሕመም ሎንዶን ላይ በ73 ዓመቱ ዐረፈ፤ ዐመዱም የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ አንቲባዮቲክ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። ተራ ጉንፋንና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ስለዚህ ጤና ባለሙያ ሳያዝ አለመጀመር፣ ከታዘዘ ደግሞ በታዘዘው መጠን፣ በሰዓቱ፣ እስከታዘዘው ቀን ድረስ መውሰድ ነው። ሲሻለን የምንተወው ደካሞቹ ተሕዋስያን ሞተው ብርቱዎቹ በቀሩበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት እንደ ስኳር አይዋዋስም። ለአንዱ የዳነበት ሌላውን ሊገድለው ይችላል፤ ፔኒሲሊን የማይስማማቸው ሰዎች አሉና ወዲያው ትንፋሽ አሳጥሮ ሊጥላቸው ይችላል። ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቢሰጥ የልጁን ጥርስ ያበላሻል። በረከቦት አጠገብ የተቀመጠ ስም የለሽ ክኒን ለማንም አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የትኛውም አንቲባዮቲክ የክትባትን ቦታ አይተካም። ፔኒሲሊን የቴታነስን ተሕዋስ ሊገድል ይችላል፤ ቀድሞ ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ ግን አይነቅለውም። በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንኳ እንደገና ሊይዘው ስለሚችል መከተብ አለበት። ሚስማር፣ ጉቶ ወይም ገጀራ የወጋው ልጅ ሲያጋጥመን ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ደኅና አድርገን አጥበን፣ ያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። መከተቡንና መቼ እንደተከተበ ጠይቀው የሚያስፈልገውን ይሰጡታል።

በአገራችን በዚህ ረገድ የተሠራው ትንሽ አይደለም። የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ። ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚወስዱት ክትባት የቴታነስንም ይጨምራል። ለሴቶች አምስት ጊዜ የሚሰጠው የቴታነስ ክትባት ደግሞ እናትንም የምትወልደውን ልጅም ይጠብቃል። ይህ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ባልጸዳ ምላጭ እትብቱ የተቆረጠ፣ እትብቱ ላይ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር የተቀባ ሕፃን በተወለደ በሳምንቱ ገደማ ጡት መጥባት አቅቶት፣ ተገታትሮ ይሞት ነበርና ነው። ስንት እናት ልጄን ዓይን በላው፣ ጋኔን መታው እያለች ቀበረች! በክትባቱና በንጹሕ ወሊድ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን ማስወገዷ ተረጋገጠላት። ማስወገድ ሲባል ግን በየወረዳው ከሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት በበሽታው የሚያዘው ከአንድ በታች ወረደ ማለት እንጂ ተሕዋሱ ከአፈር ጠፋ ማለት አይደለም። ክትባቱ በተቋረጠበት ቀን ይመለሳል።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ተመርቀን በየገጠሩ ስንበተን ብዙዎቻችን የምንደርሰው ሐኪም ከሌለበት፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነበት ቀበሌ ነው። ልጁ እግሩን ሲወጋ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደኛ ነው። ወላጅም ይህን ክኒን ልስጠው ወይ ብሎ የሚጠይቀው መምህሩን ነው። ያን ጊዜ ሐኪም መስለን መድኃኒት ማዘዝ የለብንም፤ ነገር ግን ወዴት መሄድ እንዳለበትና ምን ማድረግ እንደሌለበት መናገር እንችላለን። በክፍላችን አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደን የፍሌሚንግን ሳህንና የመስታወት ቱቦ በሰሌዳ ላይ ብንስል፣ ልጆቹ ማታ ለእናቶቻቸው ይነግራሉ።

እኛም ከራሳችን እንጀምር። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ሳጥናችንን ከፍተን የተረፈውን ክኒን አውጥተን፣ ለሰው ሳንሰጥ፣ እንዴት እንደሚወገድ ለመጠየቅ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት እንውሰደው። የቴታነስ ክትባታችንን ያልጨረስን፣ በተለይም እኅቶቻችን፣ ካርዳችንን እንይ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ ፍሌሚንግ በ1945 የነገረንን ለመስማት ጊዜው አሁንም አላለፈም።